አያ ሰሚ የወጣበት ገጽ

ጡረታ የወጣሁ ቀን ጋቢ አልብሰው፣ የግድግዳ ሰዓት አስታቅፈው ሸኙኝ። ሰዓት ለጡረተኛ ምን ይሠራል? ይሁን፣ ደጎች ናቸው። ኬኩ ተቆርሶ ሰው ሲበታተን ዲዛይን ክፍል ያለችው ልጅ ወንበሯን ሳበችና አጠገቤ ተቀመጠች። ድሮ ኮሚክ ይሥሉ ነበር ሲሉ ሰማሁ፣ ጀግኖቹን ማን ነበር የሚያስገባቸው፣ ማንስ ነበር የሚያስወጣቸው ብላ ጠየቀችኝ። "እኛው ነና" ብዬ አለፍኳት። በሥራዬ መጨረሻ ቀን ዋሸሁ ማለት ነው። አንዱን ያስወጣሁት እኔ ብቻዬን ነኝ። ይህንን የምጽፈው እሱን ለመናገር ነው።

ሥራ የጀመርኩት ታፔላ በመጻፍ ነው። ፀጉር ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ "ዱቤ የለም" የሚል ማስታወቂያ፣ ያልጻፍኩት የለም። ሴት ልጅ መሰላል ላይ ወጥታ ስትጽፍ ለማየት መንገደኛው ይቆም ነበር፤ እኔም ብሩሼን እያራገፍኩ ልብሱን አበላሽበት ነበር። ከዚያ መካኒሳ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ያለ ማተሚያ ቤት የፊልም አራሚ ፈለገ ሲባል ሄድኩ። ሥራው ከሥሩ መብራት ያለበት የመስታወት ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ ገጹ ለመታተም በሚነሳበት ፊልም ላይ የቀሩትን ነጠብጣቦች በቀለም መድፈን ነው። አንገት ይቆለምማል፣ ዓይን ያደክማል፣ ደሞዙም የሚወራለት አይደለም።

ሁለት ሳምንት እንደሠራሁ አስተዳደር ጠርቶ "ዋስ አምጪ" አለኝ። ያኔ ያለ ዋስ ማንም አይቀጠርም። አንድ ደሞዝተኛ ሰው "ብታጠፋ እኔ አለሁ" ብሎ መፈረም አለበት። እኔ ደግሞ ከእናቴ በቀር ዘመድ የለኝ፣ እናቴም ደሞዝተኛ አልነበረችም። ምን ይዋጠኝ ብዬ ኮሪደር ላይ ቆሜ ሳለሁ የሥዕል ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ደምሴ አለፉ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ በጨርቅ የተጠቀለለ ምላጭ የሚይዙ ሰው ነበሩ። ከዚያ ቀን በፊት "እንደምን አደርሽ" ከማለት በቀር አውርተውኝ አያውቁም። ቅጹን ከእጄ ወሰዱና ገብተው ፈረሙ። አስተዳደሩ መቼ አወቋት ብሎ ሲጠይቃቸው "መስመር ስታሰምር አይቻታለሁ። መስመሯ አይዋሽም" ማለታቸውን በሩ ሥር ቆሜ ሰማሁ።

ደርግ ወድቆ ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን በፈላበት ጊዜ ማተሚያ ቤቱም የልጆች መጽሔት ልሞክር አለ። ጋሽ ደምሴ ኮሚኩን ያዙ፤ እኔን ከፊልም ጠረጴዛው አንስተው ወሰዱኝ። እሳቸው በእርሳስ ይነድፋሉ፣ እኔ በብዕርና በጥቁር ቀለም አወጣዋለሁ፣ ፊደሉንም እጽፋለሁ። ስሙን "አምስቱ ዘቦች" አሉት። ከተማ የሚጠብቁ አምስት ጀግኖች ናቸው።

ለምን አምስት እንደሆኑ ብጠይቃቸው የሰጡኝ መልስ የአናጢ መልስ ነበር። አንድ ገጽ ስድስት ሳጥን አለው፣ በአንድ ሳጥን ውስጥ ከአምስት ራስ በላይ ከገባ የሚናገሩበት ፊኛ ቦታ ያጣል፤ ፊኛ ያጣ ጀግና ደግሞ ዘበኛ እንጂ ጀግና አይደለም። ስለዚህ አንድ ካልወጣ አንድ አይገባም። ለመግባትም ፈተና አለው። አዲስ ሰው ሲያስቡ በመጀመሪያ ዓይን አፍንጫ የሌለው ጥቁር ጥላውን ብቻ አሥለው ግድግዳ ላይ ያስለጥፉኝ ነበር። ከበሩ ሆኜ በጥላው ካልለየሁት ቀሪ ነው። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ችሎታ ካለው አንዱ ይሰናበታል። ድክመት የሌለው ጭራሽ አይታሰብም፤ "ምንም የማይጎድለው ሰው ጓደኛ ምን ያደርግለታል?" ይሉ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ዋስ ነው። በእኛ ኮሚክ ማንም ጀግና ከአምስቱ አንዱ ዋስ ሳይሆነው አይገባም ነበር። የፈረንጆቹን ኮሚክ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች እየገዛሁ አይ ነበር፤ እነሱ ጋ አንዱ ከሰማይ ዱብ ይልና በማግስቱ አባል ነው። ጋሽ ደምሴ ይሄን ሳሳያቸው ከልባቸው ተናደዱ። "ማን ያውቀዋል? ቀበሌ እንኳ ቢሆን ይጠይቀዋል እኮ" አሉ። እኔ እየሳቅሁ ጻፍኩት፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

ሕጉ የተፈተነው በጉልቤ ነው። ጉልቤ ጉልበተኛው ነበር፣ ሽው ደግሞ ሯጩ። ሽውን ያስገባው ጉልቤ ነበር፣ ዋስ ሆኖ። አንድ ጊዜ ታሪኩ ሽው ፈርቶ ሸሽቶ ለጓደኞቹ ውሸት የሚነግርበት ላይ ደረሰ። ሽው ይባረር አልኩኝ። ጋሽ ደምሴ እርሳሳቸውን በምላጭ እየቀረጹ ቀና ሳይሉ፣ የሚወጣው ጉልቤ ነው አሉ። ዋሱ ነው የሚወጣው። ጥፋተኛውስ አልኳቸው።

"እሱማ ይቆያል። መውጣት እኮ ቀላሉ ነው።"

ጉልቤ ወጣ። ሲወጣም የሚወጣ ሰው በእጁ ያለውን ለተተኪው ሰጥቶ ነው የሚሄደውና ቀበቶውን ፈትቶ ብርቄ ለምትባል ልጅ አስታጠቃት። ለብርቄ ዋስ የሆነው አያ ሰሚ ነበር። ሴት ጉልበተኛ ብለን ስናስገባ የመጣውን ደብዳቤ አትጠይቁኝ። አንዱ አባት፣ ልጄን ምን ልታስተምሩብኝ ነው ብሎ ሁለት ገጽ ሙሉ ሰድቦናል። ሦስት ወር ሳይሞላ ግን የሰውየው ልጅ ራሷ ስለ ብርቄ ጻፈችልን፤ አባቷ እንዳላየ ሆኖ ፖስታ ቤት እንደወሰደላት ጭምር።

አያ ሰሚ የቡድኑ አንጋፋ ነው። ዓይኑ አያይም። በትሩን መሬት ላይ ተክሎ ጆሮውን ጫፉ ላይ ሲያደርግ ሦስት ሰፈር ርቆ የሚሆነውን ይሰማል። የቀሩት ሁለት ዘቦች ለዚህ ታሪክ አያስፈልጉምና ልለፋቸው። አያ ሰሚን ግን ልብ በሉልኝ፤ ጋሽ ደምሴ እሱን ሲፈጥሩ የራሳቸው ዓይን መድከም ጀምሮ ነበር።

ይህንን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። መጀመሪያ ንድፋቸው ወፈረ። ቀጥሎ ጥላዎቹን ግድግዳ ላይ እኔ ለጥፌ እኔው "ይለያል፣ አይለይም" ማለት ጀመርኩ። በመጨረሻ ከወረቀቱ ላይ የሚያዩት ትልልቁን መስመር ብቻ ሆነ። ሐኪም ቤት ሄደው ሞራው ቢገፈፍ እንኳ ብዙም ተስፋ የለውም ተብለው ነበር። የሥዕል ክፍል ኃላፊ ዓይኑ ጠፋ ከተባለ በማግስቱ ሥራ የለውም። ሠላሳ ዓመት የሠሩበት ጠረጴዛ ነው፤ ከሱ ሌላ ምንም አልነበራቸውም። አንድ ጠዋት ቡና ልጠጣ ስወጣ ተከትለውኝ ወጥተው "ሙሉ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለቀውን ገጽ ከሳጥን አንድ እስከ ሳጥን ስድስት አነብላቸዋለሁ፤ ማን የት እንደቆመ፣ ማን ምን እንዳለ። ጣታቸውን በቀለሙ ላይ እያስኬዱ ያዳምጣሉ። ከዚያ በስተቀኝ ጥግ ይፈርማሉ። ያለሳቸው ፊርማ ገጽ ወደ ፊልም አይገባም ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የድሮ ሰው ወግ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራን።

የመጽሔቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ፍሬው ይባላል። ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ችኩል ነው። መጽሔቱ ሳይሸጥ መመለስ ሲጀምር፣ ልጆች የሚፈልጉት በቪዲዮ ቤት የሚያዩትን ዓይነት ጀግና ነው ብሎ አሰበ። ወጣት፣ ደረቱ የተነፋ፣ የሚበር። ስሙንም ራሱ አውጥቶለት መጣ፤ ንስሩ። አምስት ስለሆኑ አንዱ ይወጣል፣ የሚወጣውም ሽማግሌው ነው አለ። ያለው ለኔ ነው። ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘግቶ ነው ያለኝ።

ጋሽ ደምሴን ለምን አይጠይቋቸውም አልኩት። ደምሴ እሺ አይልም፣ ይሟገተኛል፣ ጊዜ ደግሞ የለኝም አለ። ቀጥሎ እንዲህ አለኝ። "ደግሞ እሱ ሰውዬ ዓይኑን ይመስለኛል። ነገ ገጹን ፊቱ አስቀምጬ ያለውን እንዲነግረኝ ላድርግ ወይስ አንቺ ትጨርሺልኛለሽ?" ይህ እትም አያ ሰሚ ሳይወጣ ከታተመ ኮሚኩን አጠፋለሁ አለ። በቀጣዩ እትም ከገጹ ራስ ላይ ስሜ ይጻፋል፣ ሥዕል፦ ሙሉነሽ ተብሎ። እንደዚህ አለኝ።

እስከዛሬ ለራሴ ስነግረው የኖርኩት፣ ጋሽ ደምሴን ከመዋረድ ላድናቸው ብዬ ነው የሚለውን ነው። ውሸት አይደለም። ግማሽ ነው። ስሜንም ፈልጌ ነበር። አሥር ዓመት በሌላ ሰው ንድፍ ላይ ቀለም ስቀባ ኖሬ ስሜ በትልቁ ሲጻፍ ታየኝ። ሄጄ "ጋሼ፣ እንዲህ ብሎኛል፣ ምን ይሻላል?" ብላቸው ኖሮ አንድ መላ አይጠፋም ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት ይሄንን ነው።

እሳቸው ለዚያ እትም የነደፉት አያ ሰሚ ሜዳ ላይ ቆሞ ከሩቅ የጎርፍ ድምፅ ሲሰማ ነበር፤ ስድስተኛው ሳጥን ነጭ ሰማይ ነው። እኔ በሌላ ወረቀት ሌላ ገጽ ሠራሁ። አያ ሰሚ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ድምፅ ያዳምጣል፤ አፈሩ ይናዳል፤ ከነበትሩ ይወድቃል። ስድስተኛውን ሳጥን ጥግ እስከ ጥግ በጥቁር ሞላሁት። ተተኪ አልጠራም፤ ማንም ላይ እጁን አልጫነም። ተተኪ የሚመርጥበት ሳጥን ለመጨመር ቦታ አልነበረኝም አልኩ። ቦታማ ነበር። ያንን ሳጥን ለመሥራት እጄ እምቢ ብሎኝ ነው።

ገጹ ከሰዓት በፊት ወደ ፊልም መግባት ነበረበት። ጋሽ ደምሴ እንደልማዳቸው ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀመጡ። ወረቀቱን ፊታቸው ዘረጋሁ። እሳቸው የነደፉትን ታሪክ ከአእምሮዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሳጥን አንድ፣ አያ ሰሚ ሜዳው ላይ ይደርሳል። ሳጥን ሁለት፣ በትሩን ይተክላል። የራሴ ድምፅ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ጣታቸው ከሳጥን ወደ ሳጥን ሲሄድ ዓይኔን ከሱ ላይ ማንሳት አቃተኝ። ከማዶ ጠረጴዛ ላይ ሰዎች ያወራሉ፣ ውጭ ወያላው "አቦ፣ አቦ" እያለ ይጣራል። ሳጥን አምስት አልኩ። ጣታቸው ስድስተኛው ላይ ገባና ቆመ። ወፍራም ቀለም ሲደርቅ ቆዳ ያወጣል፤ በጣት ይታወቃል።

"ይሄ ምንድነው፣ ሙሉ? ቀለሙ በዝቷል።"

"የዋሻ ጨለማ ነው፣ ጋሼ።"

"ዋሻ ነድፌ ነበር እንዴ?"

"እኔ ነኝ የጨመርኩት። ሜዳው ባዶ መሰለኝ።"

ጣታቸው በጥቁሩ ላይ ከጥግ ወደ ጥግ አንድ ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። አሁን "የት አለ ሰሚ?" ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሉኝ እናገር ነበር፤ ይህን በእናቴ አጥንት እምላለሁ። አላሉም። "ጥሩ" አሉ፤ ብዕሩን ከእጄ ተቀብለው፣ ጥጉን በግራ እጃቸው ለክተው ፈረሙ።

መጽሔቱ ቅዳሜ ወጣ። ጋሽ ደምሴ ቤታቸው ሀና ማርያም ነው፤ ምሕረት የምትባል አስተማሪ ልጅ አለቻቸው፣ በየእትሙ እሷ ታነብላቸዋለች። እኔ ይህን አውቃለሁ። አውቄም ነው ያደረግሁት። ቅዳሜና እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩ አልናገርም፤ ምግብ ግን አልቀመስኩም።

ሰኞ ጠዋት መጡ። ኮታቸውን አላወለቁም፣ ወንበራቸውንም አልሳቡም። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ አሉኝ።

"በትሩን ለማን ሰጠ?"

አንገቴን ደፋሁ። እንደማያዩኝ ትዝ ሲለኝ "ለማንም" አልኳቸው። "ከሱ ጋር ገደል ገባ።"

"ጣቴ ነግሮኝ ነበር" አሉ። "ጣቴን ትቼ አንቺን አመንኩ።"

ዞረው ወደ አስተዳደር ቢሮ መሄድ ጀመሩ፣ ግድግዳውን በጣታቸው እየዳሰሱ፤ አሁን የሚደብቁት ነገር የላቸውም። ሮጬ ደረስኩባቸው። ኮሪደሩ ላይ፣ ያኔ ዋስ አጥቼ የቆምኩበት ቦታ ላይ፣ ክንዳቸውን ያዝኩና፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ መውጣት ያለብኝ እኔ ነኝ፣ እርስዎ ለምን አልኳቸው። አለቀስኩም። እጄን ቀስ ብለው ከኮታቸው ላይ አነሱት።

"ሕጉን አብረን ነው የጻፍነው። ዋሱ ነው የሚወጣው። አንቺ ትቆያለሽ።"

በዚያው ቀን መልቀቂያ አስገብተው ወጡ። ምላጯን በኪሳቸው እንደያዙ ነው የሄዱት። ለማንም ምንም አልሰጡም። አቶ ፍሬው ዓይናቸው ነው ብሎ ለሁሉ አወራ፤ ሰዉም አዘነላቸው። እኔ አፌን አልከፈትኩም።

ንስሩ ገባ። ስሜም ተጻፈ፣ በትልቁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደብዳቤው ይጎርፍ ጀመር። ልጆቹ ስለ ክንፉም ስለ ደረቱም አልጠየቁም። "የንስሩ ዋስ ማን ነው?" ይላሉ፣ አንዱ ከጅማ፣ አንዱ ከደሴ፣ አንዷ ከዚሁ ከመካኒሳ። አንዱ ልጅማ አያ ሰሚ ስለወደቀ የብርቄስ ዋስትና ምን ሊሆን ነው ብሎ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮ ጽፏል። አቶ ፍሬው ደብዳቤዎቹን እያገላበጠ "ምን ዓይነት ልጆች ናቸው?" አለ። ጋሽ ደምሴ ያሳደጓቸው ልጆች ናቸው አልኩት በሆዴ። ከጥቂት እትም በኋላ ኮሚኩ ቆመ፣ መጽሔቱም ተከተለ።

እኔ ቆየሁ። ማተሚያ ቤቱ ባለቤት ቢለውጥም፣ ኮምፒውተር ቢመጣም፣ ብዕሩ በመዳፊት ቢተካም ቆየሁ። አለቆች መጡ ሄዱ፤ አንዱ ሁሉን ነገር በሰማያዊ የሚወድ ነበር፣ አንዷ ኮማ የምትጠላ ነበረች። ከዚያ በኋላ ሰው ያላየውን ገጽ አይቶታል ብዬ ያስፈረምኩበት ቀን የለም። የደንበኛ የሠርግ ካርድ እንኳ ቢሆን ከነስህተቱ አንብቤለት ነው የማስፈርመው፤ ነገረኛ ይሉኝ ነበር። ይበሉኝ።

ይቅርታ ልጠይቅ ሁለት ጊዜ ሀና ማርያም ድረስ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ከበሩ ተመለስኩ። በሁለተኛው ድምፃቸውን በአጥሩ ውስጥ ሰምቻለሁ፤ ከምሕረት ጋር ስለ ጎመን ነበር የሚያወሩት። አንኳኪ እያልኩ እጄን ሳነሳ ስመልስ ቆየሁና ታክሲ ፍለጋ ሄድኩ። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም። ሲሞቱ ቀብር ላይ ከሰው ኋላ ቆሜ አለቀስኩ።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ። ኬኩ በተቆረሰ ማግስት ለጡረታ ወረቀት ፋይሌን ለማየት የሰው ኃይል ክፍል ሄድኩ። ጸሐፊዋ አቧራውን አራግፋ ሰጠችኝ። ታች፣ ከሁሉም ሥር፣ የዋስትና ቅጼ አለ፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ የጋሽ ደምሴ ፊርማ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ከሱ ጋር ሌላ ወረቀት ተያይዟል። አስተዳደሩ ለሳቸው የጻፈው ደብዳቤ ነው፣ ከለቀቁ በኋላ። ሥራዎን ስለለቀቁ ለወይዘሪት ሙሉነሽ የገቡትን ዋስትና ማንሳት ስለሚችሉ ያሳውቁን፤ ካነሱት ሌላ ዋስ ካላመጣች እናሰናብታታለን ይላል። በዚያ ሰሞን ማን ዋስ ይሆነኝ ነበር?

ከደብዳቤው ግርጌ፣ መስመሩን ስቶ፣ ፊደል በፊደል ላይ የወጣበት ትልልቅ ጽሑፍ አለ። ማንም ይዟቸው የጻፉት አይደለም፤ እጃቸውን አውቀዋለሁ።

"እንዳለ ይቆይ። ደምሴ።"

ዋሴ ሆነው የኖሩት ስንት ዓመት እንደሆነ አልቆጠርኩም። እኔ የቆየሁትን ዓመት ሁሉ ነው። ጸሐፊዋ ምን ሆኑ ብላ ውሃ አመጣችልኝ። ይህችን ወረቀት ልውሰዳት አልኳት። ዋናው ከፋይሉ አይወጣም፣ ኮፒ ላድርግልዎት ወይስ እንዴት ይሁን አለችኝ።

እንዳለ ይቆይ አልኳት።